«የቤት ማስጌጫ ሱቅ» ተብላ የተመዘገበችው አርክቴክት

ሳይት ላይ ያሉ ሠራተኞች «ውሃ ልክ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ከቦርሳዋ የማትለይ አንዲት አጭር ውሃ ልክ ስላለቻት ነው። የመስኮት ደፍ ባየች ቁጥር አውጥታ ታስቀምጥበታለች፤ አረፋዋ መሀል ላይ አልቆም ካለች ግንባሯን ቋጥራ ግንበኛውን ታስጠራዋለች። ግንበኞቹ ከሩቅ ሲያዩዋት «መጣችልህ» ይባባላሉ። ይፈሯታል፤ ሥራዋን ስለሚያውቁ ደግሞ ያከብሯታል። እሷን የሚያናድዳት ከሳይት ውጪ ያለው ሰው ነው። ጎረቤቶቿ «ኢንጂነሯ» ይሏታል፣ የልጇ አስተማሪ «ዲኮር የምትሠራዋ እናት» ትላታለች፣ የባሏ ዘመዶች ደግሞ «ቤት ታሳምራለች» ብለው ለእንግዳ ያስተዋውቋታል። እሷም ሁሌ ያንኑ ትመልሳለች፤ «አርክቴክት ነኝ።» መልሱን ልብ የሚለው የለም።

የአናጢ ልጅ ናት። አባቷ በርና መስኮት ይሠራ ነበር፤ እሷም የመጋዝ ብናኝ ከደብተሯ ላይ እፍ እያለች የቤት ሥራዋን ስትሠራ አድጋለች። አርክቴክቸር ተምራ ስትወጣ አንድ ትልቅ አማካሪ ድርጅት ቀጠራት። እዚያ የሣለችው ሁሉ በአለቆቿ ፊርማ እየወጣ፣ ሕንጻው ሲመረቅ እሷ ከኋላ ቆማ እያጨበጨበች ብዙ ዓመት ሠራች። አንድ ቀን አለቃዋ እሷ የሣለችውን ደረጃ ለጋዜጠኛ እያሳየ «ይሄ ሐሳብ እንዴት እንደመጣልኝ ልንገርህ» ሲል ሰማችው። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዋን ጠርጋ ወጣች።

ከዚያ ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ጋር ቢሮ ከፈቱ። ሸሪኳ የውስጥ ዲዛይን ባለሙያ ናት፤ ድምፅዋ ለስለስ ያለ፣ ደንበኛ ሲጮህ «ልክ ነዎት» ብላ የምታበርድ ሴት። ቢሯቸው ከአንድ ፋርማሲ በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። በአንደኛው ወረቀት በነከሰ ቁጥር ክዳኑ በቡጢ የሚመታ አሮጌ የስዕል ማተሚያ፣ ፕሎተር፣ አለ፤ በሌላኛው ጠረጴዛዎቻቸውና ግድግዳ ሥር የተደረደሩ የሴራሚክ ናሙናዎች። መስኮቱ የሚያየው የአውቶቡስ ጋራዥ ነው፤ ክረምት ከበጋ የናፍጣ ሽታ ይገባል። ቢሆንም በሩ ላይ የተጻፈው የእነሱ ስም ነው።

ቢሮው በተከፈተ ሰሞን ኢንሹራንስ የሸጡላቸው የባሏ ታላቅ ወንድም ናቸው። ቤተሰቡ በሙሉ ጋሼ ይላቸዋል፤ እሷም እንደዚያው። ጋሼ አባታቸው ሲሞት ትምህርታቸውን አቋርጠው ሥራ የገቡ፣ ታናሽ ወንድማቸውን ከዩኒፎርም እስከ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ በዚያ ቤት ጋሼ አንድ ነገር ከተናገሩ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ሥራቸው የኢንሹራንስ ወኪልነት ነው። አፈ ቅቤ ናቸው፤ ለቅሶ ቤትም ሄደው አንድ ደንበኛ ሳያገኙ አይመለሱም እየተባለ ይቀለድባቸዋል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

ያን ቀን የፋርማሲውን ደረጃ እያለከለኩ ወጥተው፣ ገና ፕላስቲኩ ያልተነሣለት ወንበር ላይ ተቀመጡና እስክሪብቷቸውን አወጡ።

«ሁሉን ይሸፍናል» አሉ። «እናንተ ሥራችሁን ብቻ ሥሩ፤ ሌላውን ለኔ ተዉት።»

«ጋሼ፣ ስዕላችን ላይ ስህተት ቢገኝስ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ጋሼ ሳቁ። «አንቺ ደግሞ መቼ ተሳስተሽ ታውቂያለሽ?»

ደስ አላት። በዚያ ቤት ለሥራዋ የተነገረ የመጀመሪያ ምስጋና መስሏት ደስ አላት፤ በደስታዋ ላይ ፈረመች። ኋላ ላይ ከሁሉ በላይ አንጀቷን ያሳረራት ይኸው ነበር። ጥያቄውን በትክክል ጠይቃ ነበር፤ መልሱን ግን በሙገሳ ለወጡባት።

የወደቀው የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኮርኒስ ነው።

ሥራውን ሲወስዱ ክፍሉ ጨለማና ማሚቶ የበዛበት አዳራሽ ነበር። ድምፅ የሚመጥ ኮርኒስ ሣሉለት፤ ከላይኛው ወለል በቀጭን የብረት ማንጠልጠያ የሚንጠለጠል፣ ቀለል ያሉ መብራቶች የተሰኩበት። ሥራው ሊያልቅ ሲል ዳይሬክተሩ ሐሳባቸውን ቀየሩ። የተማሪ ወላጅ የሆነ ነጋዴ ትልልቅ ክብ የብረት መብራቶች በስጦታ አምጥቶላቸው ነበር። ሸሪኳ መብራቶቹን አይታ ወደደቻቸው፤ ለውሃ ልክም ደወለችላት። ውሃ ልክ ሌላ ሳይት ላይ ከኮንትራክተር ጋር እየተጨቃጨቀች ነበርና «እሺ፣ ይሁን» አለች። የመብራቶቹን ክብደት አልጠየቀችም። ማንጠልጠያዎቹን እንደገና አላሰላችም። ሸሪኳም ደውላ ጠየቀቻት እንጂ ስሌት መሥራት የእሷ ድርሻ አልነበረም።

ኮርኒሱ ከዓመት በላይ ቆየ። ከዚያ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪዎች በሌሉበት፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ብቻዋን መጻሕፍት እየደረደረች ሳለ መሀሉ ተቀዶ ወረደ። አንደኛው መብራት የሴትዮዋን ትከሻ መትቶ አጥንቷን ሰበራት።

ውሃ ልክ ስትደርስ ሴትዮዋ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ መኪና ትጠብቃለች። ፊቷ በጂፕሰም ዱቄት ነጭ ሆኗል፤ እንባዋ የወረደበት ብቻ መስመር ሠርቷል። ውሃ ልክ አጠገቧ ተንበርክካ «አይዞሽ» አለቻት። ሴትዮዋ አላየቻትም።

ውስጥ ገብታ መሰላል አስቀረበችና ወጣች። ማንጠልጠያዎቹ ተስበው ቀጥ ብለዋል፤ ጫፋቸው ላይ የነበረው ቆልማማ መንጠቆ እንደ ሽቦ ተፈትቷል። ከመሰላሉ ሳትወርድ ገባት። ከታች ኮንትራክተሩ «እኔ በስዕሉ መሠረት ነው የሠራሁት» እያለ ለዳይሬክተሩ ይምላል። እውነቱን ነበር። ሸሪኳ በሩ ላይ ቆማ እጆቿን አፏ ላይ አድርጋለች።

«እንግዲህ ይሄ የማን ጥፋት ነው?» አሉ ዳይሬክተሩ ወደ ላይ አንጋጠው።

«የእኛ ነው» አለች ውሃ ልክ። ቀጥላም «ኢንሹራንስ አለን። የሴትዮዋንም ሕክምና፣ ኮርኒሱንም ይሸፍናል» አለች። አፏን ሞልታ ነው የተናገረችው።

ሰኞ ጠዋት ኢንሹራንስ ድርጅቱ መሥሪያ ቤት ሄደች። ወረፋ ጠብቃ አንዲት መነጽሯን በሰንሰለት ያንጠለጠለች ሠራተኛ ፊት ተቀመጠችና የሆነውን ተረከችላት። ሠራተኛዋ የፖሊሲውን ቁጥር ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገብታ ማንበብ ጀመረች።

«ኮርኒሱ የወደቀው እናንተ ሱቅ ውስጥ ነው?»

«ሱቅ የለንም። ትምህርት ቤት ነው የወደቀው። የኛ ዲዛይን ነው።»

«እንግዲያው ይሄ አይመለከተውም» አለች ሠራተኛዋ። «የናንተ ፖሊሲ እሳት ቢነሣባችሁ፣ ሌባ ቢገባባችሁ፣ ደንበኛ ደረጃችሁ ላይ ቢወድቅ ነው። የሥራ ስህተትን አይነካም። ለእሱ የሙያ ኃላፊነት የሚባል ሌላ ኢንሹራንስ አለ። ሐኪም፣ ጠበቃ፣ አርክቴክት የሚገባው።»

«እኔ እኮ አርክቴክት ነኝ።»

ሠራተኛዋ መነጽሯን ከፍ አድርጋ ስክሪኑን እንደገና አየች። «እዚህ የሚለው የቤት ማስጌጫ ሱቅ ነው።»

«ምን?»

«የቤት ማስጌጫ ሱቅ። መጋረጃ፣ ትራስ፣ የግድግዳ ወረቀት… እንደዚያ ነው የተመዘገበው። ለሱቅ ደግሞ የሙያ ኃላፊነት አይሸጥም።»

ውሃ ልክ ጆሮዋን ማመን አቃታት። እንደገና እንድታነብላት ጠየቀቻት፤ ሠራተኛዋም በትዕግሥት አነበበችላት። ትራስ የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ውሃ ልክ ደሟ ፈላ። መጮህ ፈለገች፤ የምትጮህበት ሰው ግን እዚያ ጠረጴዛ ጀርባ አልነበረም። አመስግና ወጣች። የመሥሪያ ቤቱ የመስታወት በር «ይግፉ» እያለ እሷ ስትስብ ስትስብ፣ ጥበቃው መጥቶ ከፈተላት።

ቢሮ ደርሳ ስትነግራት ሸሪኳ የያዘችውን ናሙና ጠረጴዛው ላይ አኖረች። በኋላ «ለመብራቶቹ እሺ ማለት አልነበረብኝም» አለች።

«እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። አንቺ ጠየቅሽኝ። አሁን ራስሽን አትውቀሺ፤ የምናደድበት ሌላ ሰው አለኝ።»

የዚያን ሳምንት እሑድ የባሏ ቤተሰብ እናታቸው ቤት ተሰብስቦ ነበር። ባሏ የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ ረጋ ያለ፣ ከሰው ጋር መጋጨት የሚያመው ሰው። መኪና ውስጥ «ቀስ ብለሽ ንገሪው» አላት። 

ሳሎኑ ሞልቶ ነበር። አማቷ የተለመደው ሶፋቸው ላይ፣ ልጆች ምንጣፉ ላይ፣ ጋሼ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ባለው ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ። ጋሼ ወሬውን ሰምተዋል።

«ሰማሁ፤ በጣም አዘንኩ» አሉ። «ዋናው ሰው አለመሞቱ ነው።»

«ጋሼ፣ የሙያ ኃላፊነት የሚባል ኢንሹራንስ መኖሩን ያውቁ ነበር?»

«እሱማ አለ። ግን እሱ ለትልልቆቹ ነው። ውድ ነው፣ ጥያቄው ብዙ ነው፣ የሠራችሁትን ሁሉ ዘርዝሩ ይላል። እኔ ለናንተ አስቤ ነው።»

«ለኛ አስበው ነው የመጋረጃ ሱቅ ያደረጉን?»

ጋሼ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «እሱ እኮ ለወረቀት ያህል ነው። የሥራ ዓይነት ሲባል ቅርብ የሆነውን መርጬ ነው። ሁለት ሴቶች ናችሁ፤ ቤት ታሳምራላችሁ። ምን ሊወድቅባቸው ይችላል ብዬ… ትራስ አይሰብር።»

አንዱ የአጎት ልጅ ሳቅ አመለጠው። ውሃ ልክ ተነሥታ ቆመች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«እኔ ምን እንደምሠራ ታውቃለህ?» አለችው።

ወደዚያ ቤት ከገባች ጀምሮ አንተ ብላው አታውቅም። አማቷ የያዙትን ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ባሏ አንገቱን ደፋ።

«ዲዛይን… ታደርጊያለሽ» አለ ጋሼ።

«ሚስትህ የመጨረሻ ልጃችሁን የወለደችበትን ክሊኒክ እኔ ነኝ የሣልኩት። አልጋው እንዲዞር ኮሪደሩን ያሰፋሁት እኔ ነኝ። አንተ ገንዘብ የምታስገባበት ባንክ ደረጃው የኔ ነው፤ በየወሩ ትወጣበታለህ። አንተ ሰው የሚገባበትና የሚተኛበት ነገር እንደምሠራ ጠፍቶህ አይደለም፤ ለማወቅ አልፈለግህም። ጠይቄህ ነበር። ስዕላችን ላይ ስህተት ቢገኝስ ብዬህ ነበር። ምን አልከኝ?»

ጋሼ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ።

«አንዲት ሴት እጇን ማንሳት አቅቷታል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አልካድኩም። የምከፍልበትን መንገድ ግን አንተ ወሰድክብኝ፤ ኮሚሽንህን ተቀብለህ።»

«ኧረ ተይ ልጄ፣ ቤተሰብ እኮ ነን» አሉ አማቷ።

«እማማ፣ ቤተሰብ ስለሆነ ነው ሳላነብ የፈረምኩት» አለችና ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ባሏ ተከትሏት መጣ።  መኪናው ውስጥ እሷ ነች የጀመረችው።

«አንተስ? አንድ ቃል አልተነፈስክም።»

«አሳድጎኛል» አለ ባሏ። «አንቺ ልክ ነሽ። ግን እሱ ፊት አፌ አልከፈት ይለኛል።»

«አንተን አሳድጎሃል። እኔን ያሳደገኝ አናጢ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከባድ ነበር። መኪናዋን ሸጠች፤ ሸሪኳ ለቤት መሥሪያ ያጠራቀመችውን አወጣች። ሁለቱ ተማክረው ከዳይሬክተሩ ጋር ተስማሙ፤ ኮርኒሱን በራሳቸው ኪሳራ አፍርሰው እንደገና ይሠራሉ፣ የሴትዮዋን ሕክምናና ከሥራ የቀረችበትን ይችላሉ። ዳይሬክተሩ መብራቱን የሰጠውን ነጋዴ ስም እንዳያነሡ ለመኑ፤ ውሃ ልክ ነጋዴው ምንም አላጠፋም አለች። ሰው ስጦታ ሲያመጣ ሚዛን ይዞ አይመጣም፤ መመዘን የነበረባት እሷ ነበረች።

ሆስፒታል ልትጠይቃት ስትሄድ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ትከሻዋ ታስሮ፣ ትራስ ላይ ቀና ብላ ተቀምጣ ነበር። በዕድሜ ከውሃ ልክ ትንሽ ታንሳለች፤ ሁለት ልጆች አሏት።

ውሃ ልክ ስለ ኢንሹራንሱ፣ ስለ ጋሼ፣ ስለ መጋረጃ ሱቁ እየነገረቻት ሳለ እንደገና ቱግ አለች፤ ድምፅዋ ከፍ ብሎ ከጎን ያለችው ታማሚ ዞራ አየቻት።

ሴትዮዋ አቋረጠቻት። «ስሚኝማ፣ እህቴ። ከመጣሽ ጀምሮ የምትነግሪኝ ስለ አማችሽ ነው። እሱ ያበሳጨሽ አንቺን ነው። እኔን ያበሳጨኝ ሌላ ነው። ፀጉሬን ማበጠር አልችልም። ልጄን ማቀፍ አልችልም። ዳይሬክተሩ መጥቶ ኢንሹራንስ አለ፣ ኮንትራክተሩ መጥቶ ስዕል አለ፣ አንቺ መጥተሽ አማቼ ትያለሽ። ትከሻሽ እንዴት ነው ያለኝ አንድ ሰው የለም።»

ውሃ ልክ ፊቷ ቀላ።  «ትከሻሽ እንዴት ነው?» አለቻት።

«ያመኛል» አለች ሴትዮዋ፤ ፊቷንም ወደ መስኮቱ አዞረች።

ያን ዕለት ወደ ቤቷ በእግሯ ተመለሰች። በጋሼ ላይ ያላት ንዴት አልቀነሰም፤ አሁን ግን ሌላም ተጨመረበት፣ በራሷ ላይ ያለው። እሱ ግን ጩኸት የለውም ነበር።

ኮርኒሱ ተሠርቶ እንዳለቀ አንድ የጥርስ ሐኪም ሊያሠራው ላሰበው ክሊኒክ ቢሮአቸውን መረጠ። ውል ከመፈረሙ በፊት ግን የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስ እንዲያሳዩት ጠየቀ። «እኔ የማክመው ሰው ቢጎዳብኝ የገባሁት አለኝ፤ እናንተም ይኑራችሁ» አለ። ሸሪኳ አፍራ ነበር። ውሃ ልክ ግን ደስ አላት፤ እሷ ራሷ ልትገዛ ተዘጋጅታ ነበር፤ የሚሸጥላት ሰው ዘንድ ግን ጥርሷን ነክሳ ነው የምትሄደው።

የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት ያገኙት ሰው ክራቫት ያሰረ፣ ሻይ ያዘዘላቸው፣ አንጸባራቂ ብሮሹር የዘረጋ ነበር። «ስጋት አይግባችሁ፤ ይሄ ሁሉን ይሸፍናል» ሲል ውሃ ልክ ብድግ አለች። ሸሪኳ ሻይዋን ሳትጠጣ ተከተለቻት። ሰውዬው ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ቀረ።

ሁለተኛው መሥሪያ ቤት ርካሽ ነበር። ውሃ ልክ ግን አሁን መጠየቅ ተምራለች። «የምንቀጥረው የስትራክቸር መሐንዲስ ቢሳሳት፣ ደንበኛው እኛን ቢከሰን?» አለች። መሐንዲሱ የራሱን ይግባ አላት ሻጩ። «የጠበቃው ወጪስ?» ከካሳው ላይ ይቀነሳል አላት። ጠበቃው በልቶት ለተጎዳው ሰው የሚቀር ላይኖር ነው ማለት ነው። «እና እናንተ ምን ልትሠሩልን ነው?» አለች ኮስተር ብላ፤ ሰውዬው ብሮሹሩን አጠፈ። ደረጃው ላይ ሸሪኳ «ኧረ እንዲህ እየሰደብሻቸው ማን ይሸጥልናል?» አለቻት።

በሦስተኛው ያገኟት ሴት ጉንፋን የያዛት፣ መሀረብ ከእጇ የማይለይ፣ ሻይ ያላዘዘች ሴት ናት። ሥራዋ ስጋት መመዘን ነው። ለመሸጥ አልቸኮለችም፤ እንዲያውም መጀመሪያ የጠየቀችው እሷ ናት።

«ከዚህ በፊት የወደቀባችሁ ነገር አለ?»

ሸሪኳ ወደ ውሃ ልክ አየች። ውሃ ልክ ምንም ሳታስቀር ተናገረች፤ መብራቱን፣ ስልኩን፣ «እሺ፣ ይሁን» ያለችውን።

ሴትዮዋ ጻፈች። «ጥሩ። እሱን አንሸፍነውም» አለች። «ከዚህ በኋላም ከዚያው ሕንጻ የሚመጣ ነገር ካለ አንሸፍንም። ሌላ ደግሞ ልንገራችሁ። ይሄ ኢንሹራንስ የሚሠራው የካሳ ጥያቄው በመጣበት ጊዜ ውሉ በእጃችሁ ካለ ነው። ዛሬ ሣላችሁ፣ ከዓመታት በኋላ ተሰነጠቀ እንበል፤ ያን ጊዜ ካቋረጣችሁ እኛ የለንበትም። ቢሮውን ብትዘጉም ለጥቂት ዓመት መክፈል አለባችሁ። ከዚህ በፊት የሣላችኋቸው ሌሎች ሥራዎች ይካተቱልን ካላችሁ ይጨምራል፤ እኔ ግን እንድታስገቧቸው እመክራለሁ። መሐንዲሱን በናንተ ሥር እናስገባዋለን፤ የራሱም እንዳለው ግን በየዓመቱ ጠይቁ። የጠበቃው ወጪ ከካሳው ላይ አይነካም።»

ውሃ ልክ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «አንሸፍንም» የሚል ቃል ከሻጭ አፍ ስትሰማ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው።

«አንድ ነገር ደግሞ» አለች ሴትዮዋ አፍንጫዋን እየጠረገች። «አደጋ ሲደርስ ለኛ ሳትደውሉ ጥፋቱ የኛ ነው አትበሉ። መሰላል ላይ ሆነሽ ያልሽውን የኛ ደንበኛ ሆነሽ ብትይው ኖሮ ካሳውን ልንከለክልሽ እንችል ነበር።»

እዚህ ላይ ውሃ ልክ ግንባሯ ተቋጠረ። «ሰው ትከሻው ተሰብሮ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ፣ እኔ ያጠፋሁትን እያወቅሁ፣ አላውቅም ልበል?»

«ዋሺ አላልኩም። ሐኪም ጥሪ፣ አጠገቧ ተቀመጪ፣ ያየሽውን ተናገሪ። ተሰብሯል፣ ወድቋል በይ። ጥፋቱ የማን ነው የሚለውን ግን ለአጣሪ ተዪው። አንዳንዴ አጥፍቻለሁ የሚል ሰው ያላጠፋውን ይሸከማል።»

«እኔ ያጠፋሁትን ነበር የተሸከምኩት።»

«ይሆናል» አለች ሴትዮዋ። «ሕጉ ግን ይሄ ነው። ካልተስማማሽ አትፈርሚ።»

ውሃ ልክ አልተስማማችም። ዛሬም አትስማማም። ነገር ግን ሴትዮዋ ያልተመቻትን ነገር ከፊርማው በፊት ነገረቻት፤ ጋሼ የተመቻትን ነግሯት ነበር ያስፈረማት። ከሸሪኳ ጋር ኮሪደር ላይ ወጥተው ተማከሩ። ተመልሰው ገቡ፤ ውሃ ልክ እያንዳንዱን ገጽ ጮክ ብላ እያነበበች፣ ያልገባትን እየጠየቀች፣ ሴትዮዋም እያስነጠሰች እያስረዳቻት፣ ከሰዓቱ አለቀ። የሥራ ዓይነት የሚለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ውሃ ልክ ስክሪኑን ለማየት ወደ ሴትዮዋ ጀርባ ዞራ ቆመች። ሴትዮዋ አንድ በአንድ ተየበች፤ አርክቴክቸርና የውስጥ ዲዛይን። 

ውሃ ልክ ግን በዚያ አላቆመችም። ጋሼ ኢንሹራንስ የሸጠላቸውን ሌሎች ባለሙያዎች ታውቃቸዋለች፤ እሷው ራሷ ነበረች አንዳንዶቹን «ጋሼ ጋ ሂዱ» ብላ የላከችው። አንድ የመሬት ቀያሽ ቢሮና አንድ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበሩ። ደወለችላቸውና ምን ተብለው እንደተመዘገቡ እንዲጠይቁ ነገረቻቸው። መሐንዲሱ የቤተሰብ ጠብ ውስጥ አታስገቢኝ ብሎ ስልኩን ዘጋባት። ቀያሹ ግን ሄዶ ጠየቀ፤ የካርታ መሸጫ መደብር ሆኖ ራሱን አገኘው።

በሳምንቱ ጋሼ የፋርማሲውን ደረጃ ወጥቶ መጣ። ባሏ በአጋጣሚ ቢሮው ውስጥ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሊወስዳት መጥቶ ፕሎተሩን እየጠገነ። ጋሼ አልተቀመጠም።

«ደንበኞቼን እየደወልሽ ታሸሺያለሽ አሉ። ለእንጀራዬ ነው የምሠራው። ይሄ ነው የቤተሰብ ውለታ?»

«አዎ፣ ደውያለሁ» አለች ውሃ ልክ። «ለቀሩትም አንተው ደውለህ ንገራቸው፤ አለዚያ እኔ እደውላለሁ።»

ጋሼ ወደ ወንድሙ ዞረ። «አንተ፣ ሚስትህን ትሰማታለህ?»

ባሏ እጁ ላይ ያለውን ቀለም በጨርቅ ጠረገ። ጠረገና ጠረገ። ከዚያ «ጋሼ፣ ልክ ናት» አለ። «ያኔ እማማ ቤትም ልክ ነበረች። ያኔ ማለት ነበረብኝ።» 

ጋሼ ቆሞ አየው። ይህን ከዚህ ልጅ አፍ ሰምቶ አያውቅም። ዞሮ ወረደ፤ ደረጃው ላይ እያረፈ ሲወርድ ሁሉም ይሰሙት ነበር።

ተቆራርጠው አልቀሩም። ጋሼ ለተቀሩት ደንበኞቹ ደውሎ ፖሊሲያቸውን አስተካከለ፤ ሕሊናው ወቅሶት ይሁን ቀያሹ እንዳይከሰው ፈርቶ፣ ማንም አልጠየቀውም። በቤተሰብ ስብሰባ ላይ ይገናኛሉ፣ ይሳሳማሉ፣ ስለ ልጆች ይጠያየቃሉ። እሷም አንተ ማለቷን አልተወችም፤ እሱም እንዳልሰማ ሆኖ ለመደው። አማቷ አንድ ቀን ስልክ ደውለው «ልጄ፣ ይቅር በይው እንጂ» ሲሏት «ይቅር ብየዋለሁ እማማ፤ ከእሱ ግን ምንም አልገዛም» አለቻቸው። ንዴቷ በርዶ እንደሆነ የሚጠይቋት ሰዎች አሉ። አልበረደም። የልጇ አስተማሪ አሁንም «ዲኮር የምትሠራዋ» ትላታለች።

የጥርስ ክሊኒኩ ሥራ በተጀመረ ሰሞን ውሃ ልክ ወደ ትምህርት ቤቱ ጎራ አለች። ማንም አልጠራትም፤ አዲሱን ኮርኒስ ለማየት ነው የሄደችው። ቤተ መጻሕፍቱ ተማሪ ሞልቶበት ጸጥ ብሏል። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች፤ ግራ እጇን እስከ ደረቷ ድረስ ብቻ ታነሣለች፤ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን የሚያወርዱላት ተማሪዎች ናቸው። ጠረጴዛዋን ከመሀሉ አንሥታ ጥግ ላይ፣ በሩ አጠገብ፣ ኮርኒስ የሌለው የመግቢያው ቅስት ሥር አስቀምጣዋለች። ብርሃን በደንብ የማይደርስበት ቦታ ነው።

«ትከሻሽ እንዴት ነው?» አለቻት ውሃ ልክ።

«ሲበርድ ያመኛል» አለች ሴትዮዋ። ከዚያ ውሃ ልክ ጠረጴዛውን ስታይ አይታ «አዲሱ ጠንካራ ነው አሉኝ፤ አምናለሁ። ግን እሱ ሥር አልቀመጥም» አለች።

«መብራት ላስገባልሽ?»

«አስገቢልኝ» አለች ሴትዮዋ። «ግድግዳው ላይ ይሁን።»